ጡሩምባውን የት ልደብቀው

ረቡዕ

ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት። የበርሜሉን ክዳን አንስቼ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ፣ ጡሩምባውን በፌስታል ጠቅልዬ ታች አስተኛሁት። ከላይ በእጄ ደለደልኩት። ዘርጋው ከተጋባን ጀምሮ ዱቄት ነክቶ አያውቅም፣ እዚያ አይደርስበትም። እንዲያ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ምን ላርግ? ዛሬ ጤና ጣቢያ ሲስተሯ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ "እማማ አስካለ፣ የባለቤትዎ ልብ በጣም ደክሟል። ጡሩምባ የሚባል ነገር አፋቸው ጋ እንዳይደርስ። መጮህ የለም፣ ኳስ ሜዳ የለም፣ መናደድ የለም" አለችኝ። መናደድ የለም! የሳሙና ደጋፊ እኮ ነው ልላት ነበር፣ ተውኩት። ደሞ "እንዴት እንዳደሩ፣ ምን እንደበሉ ይጻፉልኝ" ብላ ይሄን ደብተር ሰጠችኝ። እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፣ ፊደሌ ይንጋደዳል እንጂ ይነበባል። አንዴ ከጀመርኩ ደሞ ማን ያቆመኛል።

እሺ ሲስተር። እንዴት አደረ? ሁለት ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ። እግሩ አብጧል። መድኃኒቱን ውጧል። ሾርባውን አልነካውም። "ምን ሆነህ ነው የማትበላው?" ስለው "እሁድ" አለኝ። ሌላ ቃል የለም።

እሁድ ሳሙና ይጫወታል። የዘንድሮ መጨረሻው ነው።

ሳሙና ማለት ክለባችን ነው። ድሮ እዚህ ኮልፌ የሳሙና ፋብሪካ ነበር፣ ዘርጋው ቦይለሩ ላይ ነበር የሚሠራው። ፋብሪካው ተዘጋና ክለቡ ቀረ፣ ስሙም ቀረ። ዘርጋውንም ሰፈሩ ጋሽ ሳሙና ነው የሚለው። የንስሐ አባታችን እንኳ አንዴ የክርስትና ስሙን ገብረ ሥላሴ ሊሉ ገብረ ሳሙና ብለውት በሳቅ ሞተናል።

ጡሩምባው ግን የክለቡ አይደለም፣ የእድሩ ነው። ዘርጋው የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይወጣና ከታክሲ ፌርማታው ጀምሮ እየነፋ ይዞራል፤ "እከሌ አርፈዋል፣ ቀብር በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ" ይላል። እሁድ ሲሆን ያንኑ ጡሩምባ ብብቱ ስር ሸጉጦ ሜዳ ይሄዳል። ለሞት ረጅም ነው፣ ለጎል አጭር አጭር። ዘንድሮ ጎል የት አለና። ለሞት ብቻ ተነፋ። የሚሞቱትም እኮ የኛው ሰዎች ናቸው። ድሮ አብረውት ሜዳ የሚቀመጡትን አንድ በአንድ ራሱ ነፍቶ ቀበራቸው።

ሐሙስ

ሜሮን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ሜሮን የልጄ ልጅ ናት፣ አጠና ተራ ስልክ ቤት ነው የምትሠራው፣ ከኛ ጋ ነው የምትኖረው። ጎትታ ማድቤት አስገባችኝ።

"እማ፣ አባባ እንዳይሰማ።"

"ምን ሆነ?"

"ክለቡን ሊያፈርሱት ነው። ሰብሳቢው ዛሬ ለተጫዋቾቹ ነገራቸው። ደጋፊ የሌለው ክለብ ለማን ነው የሚጫወተው አለ። እሁድም መቀመጫው ባዶ ከሆነ በቃ፣ ዘግተነው እንሄዳለን አለ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሰውየውን ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ምን ብዬ? ባለፈው ጨዋታ እኔው ራሴ ነበርኩ። ማን ነበር ሜዳ? የበረኛው እናት። ዘበኛው። እኔ፣ ዘርጋው፣ ሜሮን። ዝናብ አባሯቸው ባሕር ዛፉ ስር የተጠለሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ እነሱም ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው። የዘበኛው ውሻ። በቃ።

ድሮ እኮ! ድሮ መቀመጫው ሞልቶ ሰው ባሕር ዛፉ ላይ ይወጣ ነበር። እኔ የሜሮንን እናት አርግዤ፣ ሆዴ እዚህ ድረስ፣ ሰው እየገፋሁ ገብቻለሁ። የተጫዋቾቹን ማልያ በፋብሪካው ሳሙና እናጥብ ነበር፣ ሳሙናው ነፃ ነዋ፣ አብዝተን፣ ለማለቅለቁ ደሞ ማን ይለፋል። አንድ ቀን ዶፍ ወረደና ልጆቹ ሲሮጡ ጀርባቸው አረፋ ደፈቀ! ነጭ አረፋ! የጡብ ፋብሪካ ደጋፊዎች ወድቀው እየተንከባለሉ "ሟሟ! ሳሙና ሟሟ!" አሉን። እስከዛሬ ያንኑ ነው የሚሉን። የዛን ቀን ግን አሸንፈናቸዋል። አረፋችንን ይዘን።

እሁድም ከጡቦቹ ጋ ነው።

ከማድቤት ስወጣ ዘርጋው አልጋው ላይ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል።

"ሰምቻለሁ" አለኝ።

"ምን ሰማህ?"

"ልቤ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ አይደለም።" ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ፣ "አስካለ፣ ሳሙና ከፈረሰ እኔን ምን ብለው ይጠሩኛል?"

"ዘርጋው ይሉሃላ! እናትህ ስም አላወጣችልህም?"

ሳቀልኝ እንኳን አይባልም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሾርባውን እንደገና መለሰው። እኔ ፈርቻለሁ። ይሄ ሰውዬ ከክለቡ ጋ ተያይዞ ሊሄድብኝ ነው።

አርብ

ቆሽቴ ነው ያረረው ዛሬ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ታደለ ሊጠይቀው መጣ። እኔ በር ላይ ያዝኩት፤ "አቶ ታደለ፣ በሞቴ ይሄን ጡሩምባ ከቤቴ ያውጡልኝ" አልኩት በሹክሹክታ። አንገቱን ነቀነቀ። "እትዬ አስካለ፣ መተዳደሪያ ደንባችን ጡሩምባው ነፊው ቤት ይቀመጣል ይላል። ነፊው ካልቻለ ከዚያው ቤት ሰው ይተካል።"

"ከዚህ ቤት ማን? ድመቷ?"

ገባ። ዘርጋው እጁን ያዘና፣ "ታዴ፣ አንድ ነገር ፍቀድልኝ። እሁድ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ልንፋና ሰው ለሳሙና ልጥራ" አለው።

አቶ ታደለ ተነሳ። "ጋሽ ሳሙና ምን ነካዎት! ጡሩምባ በሰፈር ሰው ሳይሞት አይነፋም! ሰው ይደነግጣል፣ ልጁን ይጠራል፣ ከክፍለ ሀገር የሚሳፈር አለ! ሜዳ ይዘውት ሲሄዱ እኔ እንዳላየሁ የማልፈው ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"ስንቱን ደጋፊ በሱ ቀበርኩ። የቀሩትን ብጠራበት ምን አለበት?"

"ደንብ ነው።"

ዘርጋው ሊመልስለት አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከንፈሩ እንደ ከሰል ጠቆረ። ትከሻውን አቅፌ ቀና አደረግኩት፣ አቶ ታደለ በባርኔጣው ያራግብለታል። መለስ ሲልለት መጀመሪያ ያየው ምኑን ነው? ክንዴን።

"ክርንሽ ላይ ዱቄት አለ" አለኝ። እያየኝ። እያየኝ።

ጠዋት መኖሩን ልይ ብዬ ክንዴን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ ነበር። በርሜሉ አበቃ። አውጥቼ የውሃ ሮቶው ጀርባ ወሸቅኩት፣ እዚያም ያያል። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ጋ ልውሰደው ብል የሷ ምላስ ከኔም ይብሳል፣ ለሰፈሩ ሁሉ ትናገራለች። መጨረሻ ላይ የት እንደደበቅኩት ብጽፍ ሲስተሯ ትስቅብኛለች። እሱ የሚተኛበት ፍራሽ ስር፣ በግርጌ በኩል። ማን የተኛበትን ይፈትሻል?

ቅዳሜ

ዛሬ ከሁሉም ቀን ይበልጥ ፈራሁ። በላ።

ሳልለምነው በላ። ጢሙን ተላጨ። ሜሮንን ጠርቶ ቢጫውን የሳሙና ስካርፍ ተኩሺልኝ አላት። ለኔ ደሞ፣ "አስካልዬ፣ ደህና ነሽ አይደል?" አለኝ። አስካልዬ! መቼ ነው አስካልዬ ያለኝ? እናቴ ልትሞት ስትል ነው እንዲህ የጣፈጠችው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ለመድኃኔዓለም ተሳልኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ሜሮን በስልኳ ለቀሩት ደጋፊዎች ስትጽፍ ዋለች።

"እማ፣ ብዙ ሰው ላይክ አድርጓል።"

"ላይክ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል?"

"አይቀመጥም።"

"እና ተይኝ።"

አላስችል አለኝና እኔው ወጣሁ። ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ወጣቶቹ እንደ ሰርዲን ታጭቀው የእንግሊዝ ኳስ ያያሉ። በሩን ይዤ ቆምኩ። "እናንተ፣ እንግሊዝ አገር ማን ዘመድ አላችሁ? የናንተ ክለብ እዚህ ታክሲ እንኳ የማያስፈልገው ቦታ ነገ ይጫወታል!"

"እማማ ይጋርዱናል!" አለ አንዱ። ሌላው ከኋላ "ሳሙና ሟሟ!" አለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኛው ሰፈር ልጅ! አባቱ ባሕር ዛፍ ላይ እየወጣ ሳሙናን ይደግፍ የነበረ። "አባትህ ቢሰማህ በጥፊ ያጮልህ ነበር" ብዬው መጣሁ። አባቱንም ዘርጋው ነው ነፍቶ የቀበረው።

አመሻሹ ላይ ዘርጋው ሲገላበጥ፣ "እግሬን ምን እንደሚወጋኝ" አለ።

"ፍራሹ አርጅቶ ነው" አልኩት። አፌ ቶሎ ይደርሳል። ነገ ጠዋት ሌላ ቦታ አዛውረዋለሁ። ዝናቡ ጀምሯል።

እሁድ

ከሜዳ ከተመለስን በኋላ ነው የምጽፈው። ሲስተር፣ ፊደሉ ካልተነበበልሽ እለፊው።

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ፣ ጎኔ ባዶ ነው። ፍራሹ በግርጌ ተነስቷል። የሜሮንን አንድ ጫማ፣ የራሴን አንድ ጫማ አድርጌ ሮጥኩ። እኔ! በዚህ ጉልበቴ!

ፌርማታው ጋ ካለው ከተዘጋው ሱቅ ጥግ አገኘሁት። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ስካርፉን አድርጎ፣ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደቅኗል። ይነፋል። የሚወጣው ግን ፍስስስ ነው፣ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚለው።

"አምጣው ዘርጋው።"

"አንዴ ብቻ።"

"ብትነፋው ትሞታለህ!"

"ባልነፋውስ?"

እንደገና አነሳው። ፍስስ። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፤ እጁ ግን አሁንም ወደ አፉ። እንደማይተወው ዓይኑን አይቼ አወቅኩ። ቀማሁት። ይዤው ልሄድ ነበር፣ እውነቴን ነው። ብሄድ ግን ተከትሎኝ ይነሳል፣ ይታገለኛል፣ እዚያው ይወድቃል። መነፋቱ ካልቀረ እሱ አይንፋው አልኩ።

ነፋሁት።

ላም ስትወልድ የምታወጣው ድምፅ ወጣ። አጭር አጭር ላደርገው አስቤ ነበር፣ ትንፋሼን መቁረጥ አልቻልኩበትም። ረጅም ሆነ። ደገምኩት፣ አሁንም ረጅም። የሞት ጥሪ!

በሩ ሁሉ ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ቆሙ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። "ማን ነው? ማን ሞተ?" ይሉኛል። እኔ ደሞ ስደነግጥ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ዘርጋው ሁልጊዜ እንደሚለው አድርጌ፣ በዚያው ቃና፣

"ሳሙና ሞተ! ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኳስ ሜዳ!"

ክለቡን ማለቴ ነበር። እንዲስቁ፣ እንዲነቁ። እነሱ ግን የሰሙት የመጀመሪያዋን ቃል ነው።

"ወይኔ ጋሽ ሳሙናዬ!" እትዬ ሙሉ ጭቃው ላይ ተዘረፈጠች። "ወይኔ ባለጡሩምባው! ሚስቱ እኮ ናት የምትነፋው!" አለ አንዱ፣ ሰፈሩ በኡኡታ ተናጋ።

ያኔ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። በገዛ አፌ፣ በሞት ጡሩምባ፣ ባሌን ሞተ አልኩ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሱቁ ደረጃ ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፍኗል። ሞትን ጠርቼበት ሄደ አልኩ። ተንበርክኬ ጉንጩን ያዝኩ፤ "ዘርጋው! ዘርጋው! ክለቡን አልኩ እንጂ አንተን አላልኩም!"

አንድ ዓይኑን ከፈተ።

"ደህና ነፋሽ" አለኝ። "ከንፈርሽን ግን አላጠበቅሽም።"

ሰዉ ጥግ ያለውን ዘርጋውን ሳያይ ወደ ቤታችን ሮጧል፤ እሱን ደግፌ በእርምጃችን ቤት እስክንደርስ ወሬው ቀድሞናል። የእድሩ ወጣቶች ግቢያችን ውስጥ ድንኳን እየተከሉ! አግዳሚ እየደረደሩ! አቶ ታደለ ጥቁር ኮት ለብሶ ገመድ ይወጥራል። ዘርጋውን ሲያየው ገመዱን ለቀቀ፣ ድንኳኑ በላዩ ላይ ወረደ። ከውስጥ ሆኖ ነው የጮኸብኝ።

"እትዬ አስካለ! እድሩን አታለሉ!"

"ሳሙና ሞተ አልኩ እንጂ ዘርጋው ሞተ አልኩ? ሰሚው ቢሳሳት እኔ ምን አገባኝ!"

"ሳንሱሲ ላሉት ዘመዶች ተደውሎላቸዋል! ከአስኮ እየመጡ ነው! ምን ልበላቸው? ድንኳኑንስ ምን ላርገው?"

ዘርጋው አልጋው ላይ እንኳን ገና አልተቀመጠም። "ሜዳ ውሰዱት" አለ ትንፋሽ እየቆጠበ። "መቀመጫው ጣራ የለውም። ዝናብ ነው። ለቅሶ የመጣውንም ወደዚያ ላኩልኝ።"

አቶ ታደለ አየው። እኔን አየኝ። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም፣ እትዬ ሙሉ ትመስለኛለች፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ።

ይሄን ሁሉ እያየሁ እኔ አንድ ነገር ነው የማስበው። ልውሰደው ወይስ ላስቀረው? ብወስደው ጎል ይገባና እዚያው ይቀርብኛል። ባስቀረው ብቻውን ግድግዳ እያየ ይቀርብኛል። ሜሮን ታክሲ ይዛ መጣች። "እማ፣ እኔና አንቺ በግራ በቀኝ እንይዘዋለን" አለች። መድኃኒቱን ኪሴ ከትቼ ወጣን። ሲስተር አትቆጪኝ።

ሜዳ ስንደርስ ዓይኔን አላመንኩም። መቀመጫው ላይ ድንኳን ተዘርግቶ፣ ሰው እስከ ጫፍ! ጥቁር የለበሰ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ከአስኮ፣ ከሳንሱሲ። የሚገባው ሁሉ ዘርጋውን ሲያይ ይጮኻል፣ ያቅፈዋል፣ ይሰድበዋል። የዲኤስቲቪ ቤቱ ልጅም ከጓደኞቹ ጋ መጥቷል፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጃኬቱን ደረበለት። አላናገርኩትም። ቆሎ ግን ሰጠሁት።

የጡብ ደጋፊዎች "ሟ—" ብለው ጀመሩና ጥቁሩን ሁሉ ሲያዩ ዝም አሉ። አምበላቸውም ወደ ድንኳኑ መጥቶ ለዘርጋው፣ "አባባ፣ እግዜር ያጽናችሁ" አለው።

"አሜን ልጄ" አለው ዘርጋው።

ቀድመው አገቡብን። የዘርጋውን ደረት በመዳፌ ይዤዋለሁ፣ ከስሩ ልቡ እንደ ወፍ ይንፈራገጣል። ኳሱን አላየሁም፣ ከንፈሩን ነው የማየው። ጠቆረ ስል ይቀላል፣ ቀላ ስል ይጠቁራል። ልወስደው ስነሳ ሜዳው ጭቃ ውስጥ ትርምስ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ዘለለ፣ ጎል! የኛ ጎል! እጁን ወደ ጡሩምባው ዘረጋ።

"ተው" አልኩት።

"አንቺ ንፊው። አጭር አጭር።"

ነፋሁት። ረጅም ሆነ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ እኔ ሳቁንም ፈራሁት።

አንድ ለአንድ አለቀ። ስንወጣ የክለቡ ሰብሳቢ በር ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። "ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?"

"ለቀብር ነው የመጣው" አልኩት። "መቅበር ትችላለህ?"

"እናያለን እማማ" አለ። አዎም አላለ፣ አይም አላለ።

ሰኞ

እንዴት አደረ? ቁጭ ብሎ። ትንፋሹን ስሰማ ነው ያነጋሁት። እግሩ እንዳበጠ ነው። ሾርባ ጥቂት ጠጣ። መድኃኒቱን ውጧል። ጡሩምባ አልነፋም፣ እሱ።

ሲስተሯ መጥታ አየችው። ተቆጣች፣ ቀጥላ መድኃኒት ጨመረችለት፣ ቀጥላ ስንት ለስንት ወጣችሁ አለች።

ሜሮን ከአጠና ተራ ደወለች፤ የክለቡ ሰዎች ገና እየተነጋገሩ ነው አሉ። ለማፍረስ ይሁን ለማቆየት ማንም አልነገራትም።

ከምሳ በኋላ አቶ ታደለ መጣ። ሊቀጣኝ ነው ብዬ ምላሴን ስዬ ጠበቅኩት። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ "እትዬ አስካለ፣ ደንቡ ነፊው ካልቻለ ከዚያው ቤት ሰው ይተካል ይላል ብዬዎት አልነበር? ትናንት የነፉት እርስዎ ነዎት። ኮሚቴው ተስማምቷል" አለኝ።

"ሴት ጡሩምባ ነፊ የት አይተዋል?"

"ትናንት ፌርማታው ጋ።"

እሱ ሄደ፣ ጡሩምባው ቀረ። አሁን አልደበቅኩትም፣ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እንግዲህ ከዚህ ቤት ጎህ ሲቀድ የምወጣው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የሱ ቢሆንስ? አንዴ በአፌ ወጥቷል። እንደገና የምለው እኔው ልሁን?

ዘርጋው ከአልጋው ሆኖ አየኝ። ምን እንደማስብ ሁሌ ያውቃል፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

"አውርጂው" አለኝ።

"ምን ልታረግ?"

"እኔ አይደለሁም። አንቺ ተለማመጂ። የጎሉን።"

ሰፈሩ እንዳይደነግጥ ነጠላዬን የጡሩምባው አፍ ውስጥ ጠቅጥቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሁ። ረጅም። "ምላስሽን ተጠቀሚ፣ ምላስ መቼ ጠፍቶብሽ" አለኝ። ነፋሁ። አሁንም ረጅም። መልስ ጠበቅኩ፣ መልስ የለም። ዓይኑን ጨፍኗል። ጡሩምባው እጄ ላይ ከበደኝ።

"ዘርጋው?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

"ዘርጋው!"

"ቁረጪው" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይከፍት። "አጭር አጭር።"

ቆረጥኩት። አንዴ ወጣልኝ።